አሮጌ ጀልባ ይጠገን ወይስ ይተው?
ከመተማ እስከ ጣና ያለው ታሪክ የሚሰጠው ትምህርት

የዚህ አጭር ጽሑፍ መነሻ ቀላል የሚመስል አንድ ጥያቄ ነው። ከፋይበርግላስ የተሠራ አሮጌ ጀልባ ተሰብሮ ከውሃ ዳር ተጥሎ ቢገኝ፥ ገንዘብና ድካም አውጥቶ ማደስ ይገባል ወይስ እንዳለ መተው? ነገሩ የእጅ ባለሞያ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ የጀልባው ባለቤት ዓሣ አስጋሪ ወይም መንገደኛ አሻጋሪ ሲሆን ፍርዱ የእንጀራ ፍርድ ነው፤ ፍርዱ ከተሳሳተም በውሃ መካከል የሰው ነፍስ ሊጠፋ ይችላል። አባቶቻችን ፋይበርግላስን ባያውቁም፥ ያረጀ መሻገሪያን የማደስና የመተው ነገር በየዘመናቸው ገጥሟቸዋል። ስለዚህ ከመተማ ቆላ ተነሥተን እስከ ጣና ያለውን ታሪክ በአጭሩ እንመልከት።

አንባቢ መተማን አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ. ም. በጦርነት ቆስለው ያለፉበት ስፍራ በመሆኑ ነው። ከዚያም በፊት ሆነ በኋላ መተማ የጎንደርና የሱዳን ነጋዴ የሚገናኝበት የንግድ በር ነበረ፤ ወደብ ግን አልነበረም። ጓንግና ሽንፋ በክረምት ሞልተው መንገድ ይዘጋሉ፤ በበጋ ደግሞ ውሃቸው እየቆረጠ ኩሬ ኩሬ ብቻ ይቀራል። በ2016 ዓ. ም. የታተመ የቁፋሮ ጥናት እንዳመለከተው፥ ሽንፋ መተማ 1 በተባለው ስፍራ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎች በበጋ ከእነዚህ ኩሬዎች ዓሣ ይይዙ ነበር። በጠባብ ኩሬ ለተሰበሰበ ዓሣ ጀልባ አያስፈልግም። ከዚህ የምናገኘው የመጀመሪያ ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው፤ ስለ ጀልባው ጥገና ከመጠየቃችን በፊት ውሃው ጀልባ የሚሻ መሆኑን መጠየቅ ይገባናል።

ከመተማ ወደ ደጋ ሲወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። በ1895 ዓ. ም. እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዱፑይ ጣናን ለመመርመር ከሱዳን ተነሥቶ በገላባት በኩል ሲወጣ፥ በሐይቁ ላይ ሰውንና ዕቃን የሚያሻግረው ታንኳ ነበረ። ታንኳ ከደንገል ታስሮ የሚሠራ ሲሆን፥ በዚህ ሞያ ይልቁንም ነገደ ወይጦ የታወቁ ናቸው። ደንገሉ ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከሥራ በኋላ ከዳር ወጥቶ ይደርቃል። ከጊዜ በኋላ ግን እየከበደ ይሄዳል፤ ማሰሪያውም ይላላል። በዚህን ጊዜ ባለቤቱ አሮጌውን ለማዳን ብዙ አይደክምም፤ ደንገል ቈርጦ ሌላ ያስራል። የተጣለውም በስብሶ አፈር ይሆናል። ታንኳ ሠሪው አሮጌውን የሚተወው ንቆት አይደለም፤ መተኪያው እዚያው ከዳሩ ስለሚበቅል ነው እንጂ።

ባዕድ ቁስ ሲገባ ይህ ሚዛን ተናጋ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ. ም. በዘጌ ሳሉ ትልልቅ የደንገል ጀልባዎች አሠርተው በሰው ክንድ የሚዞር መንኮራኩር እንዳስገጠሙባቸው፥ እስረኛቸው የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፏል። አሳቡ የእንፋሎት መርከብ አሳብ ነበረ፤ ቁሱ ግን የአገር ነበረ። በ1895 ዓ. ም. ደግሞ አሜሪካዊው ማክሚላን በዓባይ ወንዝ ወደ ሱዳን ለመውረድ የብረት ጀልባዎች አስመጥቶ ነበር። ብዙም ሳይርቁ ጀልባዎቹ በወንዙ ኀይል ተሰባበሩና ጕዞው በዚያው ቆመ። ብረት ከደንገል እንደሚጠነክር አያከራክርም፤ ነገር ግን በዓባይ ሸለቆ ውስጥ ብረት የሚያቃና የጀልባ ሠሪ ቤት አልነበረም። በጣሊያን ወረራ ዘመንም ጎርጎራና ባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ሲገናኙ፥ ጕዞው ፈጠነ፤ መለዋወጫው ግን ከሩቅ የሚጠበቅ ሆነ።

በ1978 ዓ. ም. ገደማ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ለጣና ዓሣ አስጋሪዎች ቀረበ። በጥናት እንደተመዘገበው፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1987 39 ቶን የነበረው የዘመናዊው አስጋሪ ምርት በ1997 360 ቶን ደረሰ። ይህ ለብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን ለመራባት ወደ ወንዞች የሚወጡት የጣና ነጭ ዓሣ ዐይነቶች በብርቱ እንደቀነሱ ተመራማሪዎች ገለጹ። እንግዲህ አንድን ጀልባ ወደ ሥራ መመለስ ማለት ሐይቁ ላይ አንድ መረብ መጨመርም ሊሆን ስለሚችል፥ ጀልባው ለምን ሥራ እንደሚታደስ ሳይታወቅ መፍረድ አይገባም።

ዛሬ በጣና ላይ ከታንኳና ከብረት ጀልባ ጋር የፋይበርግላስ ጀልባም ይታያል። ፋይበርግላስ ማለት እንደ ክር የቀጠነ መስተዋት ሬዚን በተባለ ፈሳሽ ተነክሮ ሲጠነክር የሚገኝ ቁስ ነው። ለጀልባ መሥሪያነት የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እንደ ብረት አይዝግም፤ እንደ ደንገልም አይበሰብስም። ስለዚህ ብዙ ሰው «አሮጌው ወፍራም ነው፥ አይሞትም» ይላል። ይህ አነጋገር ግማሽ እውነት ነው። መስተዋቱ ባይበሰብስም በውስጡ የተቀበረው እንጨት ይበሰብሳል፤ ይልቁንም ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ሰሌዳ። የጀልባውን ገላ በመዶሻ እጀታ ቀስ እያሉ ሲመቱት ደኅናው ስፍራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ንብብሩ የተላቀቀው ግን እንደ ባዶ ቅል የታፈነ ድምፅ ያሰማል። የላይኛው ልባስ ብቻ ቢሰነጠቅ ችግሩ ቀላል ነው። ስንጥቁ ከውጭ እስከ ውስጥ ከዘለቀ፥ ወለሉ ሲረገጥ ከተንቀሳቀሰና የኋላው ሰሌዳ ውሃ ካዘለ ግን ጀልባውን እንደገና የመሥራት ያህል ድካም ይጠብቃል።

የጥገናውም ሥራ አየር ይመርጣል። እርጥብ ገላ ላይ ሬዚን አይጣበቅም፤ ስለዚህ ክረምት አይመችም። በመተማ ቆላ የበጋው ፀሐይ ጀልባውን ደኅና አድርጎ ያደርቃል፤ ነገር ግን ሬዚኑ በሙቀት ስለሚፈጥን ከመቀባቱ በፊት በዕቃው ውስጥ ይጠነክራል። ሠራተኛው ጎሕ ሲቀድ፥ ጥቂት ጥቂት እየበጠበጠ ሊሠራ ይገባዋል። የተሰበረውም ስፍራ ዳሩ ከውፍረቱ 12 እጥፍ ያህል ተስሎ ካልሰፋ ልጥፉ ኀይል አይኖረውም። በቀዳዳው ላይ ልጥፍ አድርጎ ቀለም መቀባት ጥገና አይደለም፤ ጉድለቱን ከተሳፋሪው ዐይን መሰወር ነው።

አንዳንዶች «ከመድከም አዲስ መግዛት ይሻላል» ይላሉ። ነገር ግን አገራችን የባሕር በር ስለሌላት አዲስ ጀልባ በየብስ ተጭኖ ይመጣል፤ በ2017 ዓ. ም. «ጣናነሽ 2» ከጅቡቲ ወደ ጣና ስትጓዝ የታየው ድካም ለዚህ ምስክር ነው። ወደ ታንኳ እንመለስ ቢባልም፥ ደንገሉ ራሱ ከሐይቁ ዳር እየሳሳ ነው፤ ከ2004 ዓ. ም. ገደማ ጀምሮም እምቦጭ ተጨምሮበታል። መተውም ቢሆን ያለ ዋጋ አይደለም፤ የተጣለ ፋይበርግላስ እንደ ታንኳ አፈር አይሆንም፤ ቢያቃጥሉትም መርዛም ጢስ ይወጣዋል።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ጸሓፊው የሚያቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው። በቅድሚያ ጀልባው የሚሠራው ሥራ ይታወቅ። ሁለተኛ፥ የኋላው ሰሌዳና ወለሉ ይመርመር፤ እነዚህ ደኅና ከሆኑ የጎን ስብራት ይጠገናል። ሦስተኛ፥ ሬዚኑንና ባለሞያውን ዛሬ ብቻ ሳይሆን ከሁለት ዓመት በኋላም ለማግኘት የሚቻል መሆኑ ይረጋገጥ። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ጀልባው ሰው መጫን የለበትም። እንዲህ ያለው ገላ ከዳር ተገልብጦ የመረብ መጠለያ ወይም የውሃ ገንዳ ቢሆን ባለቤቱ ሊያፍርበት አይገባም፤ ሰው አሳፍሮ ቢሰጥም ግን ኀላፊነቱ ከእርሱ አይወርድም።