ወደ በረራ የሚያደርሰው መንገድ

ከቬኒስ አጠገብ ባለች ደሴት፣ በቅዱስ ሚካኤል ገዳም ይኖር የነበረው መነኩሴ ፍራ ማውሮ በ1450ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንድ ትልቅ የዓለም ካርታ ሠራ። የኢትዮጵያን ክፍል በግምት እንዳልሣለው በዚያው ካርታ ላይ ጽፏል። የአገሩ ተወላጆች የሆኑ የሃይማኖት ሰዎች አውራጃውን፣ ከተማውን፣ ወንዙንና ተራራውን በእጃቸው ሥለው አሳይተውታል። ካርታው ላይ የአዋሽ ወንዝና የዝቋላ ተራራ አሉ፤ ከእነሱም ብዙ ሳይርቅ የንጉሡ ዋና መቀመጫ የተባለች በረራ የምትባል ከተማ ትታያለች።

ዛሬ ከለቡ መብራት ኃይል ተነስቶ ተራራ ለተራራ በመኪና እየዞረ የጥንት ምሽግና መቅደስ ለማየት የሚያስብ ሰው ከዚህ ካርታ የተሻለ መነሻ አያገኝም። ለቡ በፉሪ ተራራ ግርጌ ያለ ሰፈር ነው፤ የጅቡቲው ባቡር ጣቢያም ፉሪ ለቡ ይባላል። ሰማዩ በጠራ ቀን ከዚህ አካባቢ ከፍታ ላይ ቆሞ ዙሪያውን የሚቃኝ ሰው በምዕራብ ወጨጫን፣ በሰሜን እንጦጦን፣ በምሥራቅ የረርን፣ በደቡብም ርቆ ዝቋላን ያያል። ካርታው የሚናገርለት አገር ይኸው ነው።

ወደዚህ አገር የሚወስደውን መንገድ በጽሑፍ ያስቀሩልን ራሳቸው ኢትዮጵያውያን ተጓዦች ናቸው። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1441 (እ.ኤ.አ.)፣ ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፍሎረንስ ደርሰው ነበር። ከዚያም በኋላ ወደ ጣልያን የሚሄደው መነኩሴ አልተቋረጠም። አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የቬኒስ ሰው ከ1519 እስከ 1524 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት እነዚህን እንግዶች እየጠየቀ፣ በየት በኩል እንደሚኬድና ከቦታ ቦታ የስንት ቀን ጉዞ እንደሆነ መዘገበ። በረራም በጉዞዎቹ ዝርዝር ውስጥ አለች። ክሮፎርድ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እነዚህን የጉዞ መዝገቦች በ1958 (እ.ኤ.አ.) ሲያሳትም፣ የከተማዋን ቦታ በዝቋላና በመናገሻ መካከል አድርጎታል።

ነገር ግን ከዚያው ዘመን የተገኘ ሌላ ምስክር ጥያቄ ያስነሳል። ከ1520 እስከ 1526 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አፄ ልብነ ድንግልን ያገኘው ድንኳን ውስጥ ነው። ከተማው ከንጉሡ ጋር ተነስቶ ከንጉሡ ጋር የሚሰፍር፣ ሰፊና ሥርዓት ያለው የድንኳን ከተማ እንደነበር በዝርዝር ጽፏል። ታዲያ በረራ የድንጋይ ከተማ ነበረች ወይስ ነገሥታቱ እየተመላለሱ የሚያርፉባት ሰፈር? ሁለቱ ቃላት የግድ አይጋጩም። ንጉሥ በበጋ እየዞረ አገር ሲያስተዳድር፣ በክረምት የሚገባበት ግንብና የሚጸልይበት ቤተ ክርስቲያን ሊኖረው ይችላልና።

ሦስተኛው ምስክር የኢማም አህመድን ዘመቻ የጻፈው አረብ ፈቂህ ነው። ኢማሙ በ1529 (እ.ኤ.አ.) ሽምብራ ኩሬ ላይ ልብነ ድንግልን ድል ያደረገበትን ጦርነትና በእነዚያ ዓመታት የተቃጠሉትን ቤተ መንግሥቶችና ቤተ ክርስቲያኖች ሲተርክ፣ በረራንና ባደቄ የተባለውን ቦታ በስም ይጠራል። ከዚያ በኋላ የበረራ ስም ከመዝገብ ጠፋ። ኋላም ተራሮቹና ሜዳዎቹ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች፣ የጉለሌ፣ የየካና የገላን አገር ሆኑ። የዚህ መንገድ ታሪክ እነሱን ዘልሎ ከልብነ ድንግል ወደ ምኒልክ ቢሻገር ጎዶሎ ይሆናል።

እንግዲህ ጉዞውን በሁለት ቀን መክፈል ይበጃል። የመጀመሪያው ቀን ወደ ደቡብ ነው። ከለቡ ወጥቶ ዓለም ገና ላይ የጅማውን መንገድ በመተው ወደ ቡታጅራ ሲታጠፉ፣ አዋሽ መሻገሪያ ላይ መልካ ቁንጡሬ ይገኛል፤ ይህ የጥንት ሰው መኖሪያ በ2024 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚያ ወደ ምዕራብ ገባ ሲሉ ትውፊት ለንጉሥ ላሊበላ የሚሰጣት ውቅሯ አዳዲ ማርያም አለች። ዋናውን መንገድ ይዘው ወደፊት ከቀጠሉ ደግሞ ጢያ ይደረሳል፤ በ1980 (እ.ኤ.አ.) የተመዘገቡት 36 ትክል ድንጋዮች የቆሙት እዚያ ነው። ይህ ቀን አንድ ነገር ያስተምራል፦ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ድንጋይ መፈልፈልና ማቆም የቆየ ጥበብ ነው።

የሁለተኛው ቀን መንገድ ወደ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ ሰንሰለት ይወጣል። መጀመሪያ የካ ተራራ ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል ነው። ሠራተኞቹ ዙሪያውን ቆፍረው አለቱን ከተራራው ለይተዋል፤ ከዚያ በር፣ መስኮትና ዓምድ አውጥተውለታል። ጣሪያው ዛሬ ክፍት ስለሆነ በክረምት ውኃ ይተኛበታል። የአካባቢው ትውፊት ሥራውን ለአብርሃና አጽብሃ ይሰጣል፤ ተመራማሪዎች ግን ወደ መካከለኛው ዘመን ያመጡታል።

ከዋሻ ሚካኤል ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው ጀርባ ላይ፣ መኪና የማይገባበትን በእግር ሄደው የሚያገኙት ምሽግ የጉዞው ዋና ነገር ነው። አምስት ማዕዘን ስላለው አጥኚዎች ፔንታጎን ብለውታል። 30 ሄክታር ያህል በሚሰፋው ፍርስራሽ ውስጥ አሥራ ሁለት ማማ ያለው ግንብና 520 ሜትር የሚረዝም የድንጋይ ቅጥር ይገኛል። ቅጥሩ አንዳንድ ቦታ ላይ ቁመቱ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ይህን ያህል ድንጋይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ማከማቸት ለአንድ ክረምት ማረፊያ ተብሎ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ምኒልክም ወደዚህ ተራራ የመጡት የቀድሞ ነገሥታት ከተማ እንደነበረበት ሰምተው ነው። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እንጦጦ ማርያም ውስጥ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው ቤተ መንግሥታቸው በእንጨትና በጭቃ የተሠራና በኖራ የተለቀለቀ ነው። ይህን ቤትና ያንን ቅጥር በአንድ ቀን ያየ ሰው፣ በአንድ ተራራ ላይ የሁለት ዘመን አሠራር ጎን ለጎን ያነብባል። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍልውኃ አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ ከተማው ቀስ በቀስ ከዳገቱ ወደ ሜዳው ወረደ።

ሪቻርድ ፓንክኸርስትና ሐርትዊግ ብሬተርኒትዝ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ከወጨጫ እስከ የረር ያለውን አገር ቃኝተው ያሳተሙት ጥናት የበረራን ጉዳይ ከመጻሕፍት አውጥቶ መሬት ላይ አሳረፈው። ሌሎች ደግሞ የእንጦጦውን ምሽግ ራሱን በረራ ነው ብለው ይሟገታሉ። በእኔ ፍርድ የእንጦጦው ቅጥር የአንድ ኃያል መንግሥት ሥራ ለመሆኑ ድንጋዩ ይበቃል፤ የበረራን ስም ለመስጠት ግን ድንጋይ ብቻውን አይበቃም። ካርታው ስም ሲሰጠን ግንቡን አላሳየንም፤ ቅጥሩ ደግሞ ግንቡን ሲያሳየን ስሙን አይናገርም። ሁለቱን የሚያገናኘው የመሬት ቁፋሮ ነው፤ ቁፋሮ ደግሞ ካልተነካካ መሬት ብቻ ነው ምስክርነት የሚያገኘው። ለቡ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከእርሻ ወደ ሰፈርነት ሲለወጥ ያየን ሰዎች ከተማ በምን ፍጥነት ተራራ እንደሚወጣ እናውቃለን። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሁሉ አንዲት ድንጋይ ከቦታዋ አያንሳ፣ ልጆቹንም ይህንኑ ያስተምር፤ አስተዳደሩም ቤት ሠሪው ከመድረሱ በፊት ምሽጉን በሕግ ይከልል።