ከጨዋታ ውጪ፦ ክርክሩ በመስመሩ ላይ ነው ወይስ በፍርዱ?

መስከረም 19 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2023) ቅዳሜ ምሽት ቶተንሀም በለንደን ሜዳው ሊቨርፑልን አስተናግዶ ነበር። ጨዋታው በሀገራችን ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። ገና ግብ ሳይቆጠር፣ ሊቨርፑልም ከርቲስ ጆንስን በቀይ ካርድ አጥቶ በ10 ተጫዋቾች እየተጫወተ ሳለ፣ በ34ኛው ደቂቃ ሞሐመድ ሳላህ ያሾለከለትን ኳስ ሉዊስ ዲያዝ ከመረብ አገናኘ። ረዳት ዳኛው ባንዲራውን አነሣ፤ ግቡም ተሻረ። በቴሌቪዥን የተደገመው ምስል ግን ዲያዝ ከተከላካዩ ኋላ እንደነበረ አሳየ። ጨዋታው በጭማሪ ሰዓት ጆኤል ማቲፕ በራሱ ግብ ላይ ባስቆጠረው ኳስ ቶተንሀም 2 ለ 1 አሸንፎ ተጠናቀቀ።

በዚያ ምሽት ኳስ በሚታይበት ቦታ ሁሉ የተነሣው ክርክር የታወቀው ዓይነት ነበር፤ አንዱ “ቀድሟል” ሲል ሌላው “አልቀደመም” ይላል። በኋላ እንደታወቀው ግን ስህተቱ ከመስመሩ ጋር የሚያያዝ አልነበረም። የተሳሳተው በዳኞች መካከል የተለዋወጠው ቃል ነበር። ስለዚህም ይህ ውሳኔ በእግር ኳስ እጅግ አከራካሪ የሆነውን ሕግ ለመረዳት ጥሩ መነሻ ይሆናል። “ከጨዋታ ውጪ” የሚለው ፍርድ የአንድ ጥያቄ መልስ አይደለም፤ በቅደም ተከተል የሚነሡ በርካታ ጥያቄዎች ውጤት ነው። ደጋፊዎች ሳይግባቡ የሚለያዩትም ብዙ ጊዜ እያንዳንዳቸው የተለያየ ጥያቄ ስለሚመልሱ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉ ምን ይላል?

ከጨዋታ ውጪ የሚደነገገው በእግር ኳስ ሕግጋት 11ኛው ሕግ ነው። አንድ አጥቂ ከጨዋታ ውጪ በሆነ ቦታ ላይ ይገኛል የሚባለው የቡድን ጓደኛው ኳሷን በመታበት ወይም በነካበት ቅጽበት በተጋጣሚው የሜዳ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ ራሱ፣ ገላው ወይም እግሩ ከኳሷም፣ ከግብ መስመሩ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛ ከሆነው ተጋጣሚ ተጫዋችም ይበልጥ ለግብ መስመሩ ሲቀርብ ነው። እጅና ክንድ አይቆጠሩም፤ የክንድ ወሰንም እስከ ብብት ግርጌ ነው። ከሁለተኛው ተጋጣሚ ጋር እኩል መሆን አያስቀጣም። ከእጅ ውርወራ፣ ከማዕዘን ምትና ከግብ ምት በቀጥታ የተቀበለ ተጫዋችም በዚህ ሕግ አይጠየቅም።

ሕጉ እዚህ ለመድረስ ረጅም መንገድ ተጉዟል። በ1863 በተጻፈው የእንግሊዝ ሕግ ከኳሷ የቀደመ ተጫዋች ሁሉ ከጨዋታ ውጪ ነበር። በ1866 በአጥቂውና በግብ መስመሩ መካከል ሦስት ተጋጣሚዎች እንዲኖሩ ተፈቀደ፤ በ1925 ቁጥሩ ወደ ሁለት ዝቅ ሲል የግብ ብዛት በእጅጉ ጨመረ። በ1990 ደግሞ እኩል የሆነ አጥቂ እንዳይቀጣ ተወሰነ። ለውጦቹ በአመዛኙ ለአጥቂው ያደሉ ናቸው።

ግብ ጠባቂው ሲወጣ

ብዙዎችን የሚያሳስተው “የመጨረሻው ተከላካይ” የሚለው አነጋገር ነው። ሕጉ የሚቆጥረው ሁለት ተጋጣሚዎችን ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ግብ ጠባቂ መሆን አለበት አይልም። ግብ ጠባቂው አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም ኋላ ስለሚሆን ዓይናችን አንድ ተከላካይ ብቻ መፈለግን ለምዷል።

በ2010 የዓለም ዋንጫ የመክፈቻ ጨዋታ ደቡብ አፍሪካ ሜክሲኮን በጆሃንስበርግ ስትገጥም የተሻረው የካርሎስ ቬላ ግብ ለዚህ ምሳሌ ነው። ከማዕዘን ምት በኋላ ግብ ጠባቂው ኢቱሜሌንግ ኩኔ ወደፊት ወጥቶ ነበር፤ ከቬላ ኋላ የቀረው በግቡ አጠገብ የነበረ አንድ ተከላካይ ብቻ ነበር። ብዙ ተመልካች “ተከላካይ እያለ እንዴት?” ብሎ ተገረመ። ውሳኔው ግን ትክክል ነበር፤ ሁለተኛው ተጋጣሚ አልነበረምና።

ቦታው ብቻውን ጥፋት አይደለም

ከጨዋታ ውጪ በሆነ ቦታ መገኘት በራሱ አያስቀጣም። ተጫዋቹ የሚቀጣው ኳሷን ሲጫወት፣ ተጋጣሚውን ሲያውክ ወይም ከቦታው ጥቅም ሲያገኝ ነው። ከዚህ በኋላ ጉዳዩ ከመለካት ወደ መመዘን ያልፋል።

ጃንዋሪ 14 ቀን 2023 በኦልድትራፎርድ በተደረገው የማንችስተር ደርቢ ካሴሚሮ ወደፊት በላከው ኳስ ማርከስ ራሽፎርድ በግልጽ ከጨዋታ ውጪ ነበር። ራሽፎርድ ኳሷን ተከትሎ ሮጠ፤ ነገር ግን አልነካትም። ከኋላ የደረሰው ብሩኖ ፈርናንዴዝ መትቶ አስቆጠረ። ረዳት ዳኛው ባንዲራውን ቢያነሣም የመሐል ዳኛው ስቱዋርት አትዌል ከእርሱ ጋር ተነጋግሮ ግቡን አጸደቀ። ማንችስተር ዩናይትድም 2 ለ 1 አሸነፈ። ራሽፎርድ የት እንደነበረ የተከራከረ አልነበረም። ያከራከረው ሩጫው ብቻውን ተከላካዮቹንና ግብ ጠባቂውን አላወከም ወይ የሚለው ነበር። እንዲህ ላለው ጥያቄ በስክሪን ላይ የሚሰመር መስመር የለም።

ሌላው የመመዘን ጥያቄ ኳሷ በተከላካይ ስትነካ የሚነሣው ነው። ተከላካይ ሆነ ብሎ የተጫወተው ኳስ የአጥቂውን ጥፋት ይሽራል፤ ኳሷ ነክታው ብቻ ካለፈች ግን አይሽርም። ኦክቶበር 10 ቀን 2021 በሚላን በተደረገው የኔሽንስ ሊግ ፍጻሜ ቴኦ ኸርናንዴዝ ለኪሊያን ምባፔ ያቀበለውን ኳስ የስፔኑ ኤሪክ ጋርሲያ ለማቋረጥ ተወርውሮ ነካው። ምባፔ ከጨዋታ ውጪ በሆነ ቦታ ላይ ነበር፤ ዳኛው አንቶኒ ቴይለር ግን ጋርሲያ ኳሷን ሆነ ብሎ ተጫውቷል በሚል ግቡን አጸደቀ፤ ፈረንሳይም 2 ለ 1 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ቅሬታውም “ተከላካይ ኳስ ለማዳን ስለሞከረ ይቀጣልን?” የሚል ነበር።

ሕግ አውጪው የዓለም አቀፍ እግር ኳስ ማኅበራት ቦርድ (ኢፋብ) በ2022 ማብራሪያ ሰጠ። በዚህም መሠረት “ሆነ ብሎ መጫወት” የሚባለው ተከላካዩ ኳሷን ሊቆጣጠራት በሚችልበት ሁኔታ ላይ ሲሆን ነው፦ ከርቀት ስትመጣ በግልጽ ካያት፣ ፍጥነቷ ከባድ ካልሆነ፣ አቅጣጫዋ ካላስደነገጠው፣ ሰውነቱን ለማስተካከልም ጊዜ ካገኘ። በደመ ነፍስ እግሩን የዘረጋ ተከላካይ በዚህ አይፈረድበትም። የደጋፊዎች ቅሬታ አንዳንዴ ፍሬ እንደሚያፈራ ይህ ማብራሪያ ምስክር ነው።

ማሽኑስ አይሳሳትም?

ቪዲዮ ረዳት ዳኛ (ቫር) በ2018 በሕጉ ውስጥ ገባ፤ የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግም በ2019 የውድድር ዘመን መጠቀም ጀመረ። የተለመደው የስርጭት ካሜራ በሰከንድ 50 ምስሎችን ይቀርጻል። በሰከንድ 8 ሜትር የሚሮጥ አጥቂ በአንዱና በሚቀጥለው ምስል መካከል 16 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ኳሷ ከእግር የወጣችበት ትክክለኛ ቅጽበት በሁለቱ ምስሎች መካከል ከዋለ፣ በጣት ስፋት የተሻረ ግብ ከመሣሪያው አቅም በላይ የሆነ እርግጠኝነት ተሰጥቶታል ማለት ነው። ፕሪምየር ሊጉ በ2021 መስመሮቹን አወፍሮ፣ ሲደራረቡ ለአጥቂው እንዲፈረድ ያደረገውም ለዚህ ነው።

በ2022 የኳታር ዓለም ዋንጫ ይህን ክፍተት ለማጥበብ ከፊል አውቶማቲክ ሥርዓት ሥራ ላይ ዋለ። 12 ካሜራዎች የእያንዳንዱን ተጫዋች 29 የሰውነት ነጥቦች በሰከንድ 50 ጊዜ ይከታተላሉ፤ በኳሷ ውስጥ የተቀመጠው መሣሪያ ደግሞ በሰከንድ 500 ጊዜ መረጃ ይልካል። በመክፈቻው ጨዋታ የኢኳዶሩ ኤነር ቫሌንሲያ ገና በሦስተኛው ደቂቃ ያስቆጠረው ግብ ከጨዋታ ውጪ ተብሎ ተሻረ። ፕሪምየር ሊጉም ሥርዓቱን ከአፕሪል 12 ቀን 2025 ጀምሮ ተግባራዊ አድርጓል። ይህ ቴክኖሎጂ የመለካትን ስህተት ይቀንሳል፤ የራሽፎርድን ሩጫ ወይም የጋርሲያን ንክኪ ግን አይመዝንም።

ያ ምሽት ምን ሆነ?

ወደ ዲያዝ ግብ እንመለስ። የቪዲዮ ዳኛው ዳረን ኢንግላንድ ምስሉን መርምሮ ዲያዝ ትክክለኛ ቦታ ላይ እንደነበረ አረጋገጠ። ይሁን እንጂ በሜዳው የተሰጠው ውሳኔ “ግብ ነው” የሚል መስሎት ነበር። ስለዚህ ምርመራው መጠናቀቁን ለመሐል ዳኛው ሳይመን ሁፐር ነገረው። ሁፐር ደግሞ የሜዳው ውሳኔ እንደጸና ተረዳና ጨዋታውን በቅጣት ምት አስጀመረ። ስህተቱ በሰከንዶች ውስጥ በቪዲዮ ክፍሉ ታወቀ፤ ነገር ግን 5ኛው ሕግ ጨዋታ እንደገና ከተጀመረ በኋላ ዳኛው እንዲህ ያለውን ውሳኔ መለወጥ እንደማይችል ስለሚደነግግ ማቆም አልቻሉም።

የእንግሊዝ ፕሮፌሽናል ዳኞች አካል በዚያው ምሽት ጉልህ ሰብዓዊ ስህተት መፈጸሙን አመነ፤ ከቀናት በኋላም የዳኞቹን ንግግር ድምፅ ይፋ አደረገ። የሊቨርፑል አሠልጣኝ የርገን ክሎፕ ጨዋታው እንዲደገም ሐሳብ አቀረበ። አልተደገመም፤ የቫር አሠራር ደንብ በቫር ስህተት ምክንያት ጨዋታ ውድቅ እንደማይሆን ይደነግጋልና።

ለሚከራከሩ ሁሉ

እንግዲህ በአወዛጋቢ ውሳኔ ላይ የሚከራከሩ ደጋፊዎች መጀመሪያ ሊስማሙበት የሚገባው ስለምን እንደሚከራከሩ ነው። ኳሷ ስትመታ አጥቂው የት ነበር? ከግብ መስመሩ በኩል ሁለተኛው ተጋጣሚ ማን ነው? አጥቂው ኳሷን ተጫወተ ወይስ ተጋጣሚውን አወከ? ተከላካዩ ነካ ወይስ ተጫወተ? በመጨረሻም፣ የታየው እውነት በትክክል ተነግሯልን? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ምስል ይመልሳቸዋል። ቀጥለው የሚመጡት ሁለቱ ሚዛናዊ ሰዎችን እንኳ ሊያለያዩ ይችላሉ። የመጨረሻው ደግሞ የአሠራር ጥያቄ ነው።

ቫር በሌለበት ሜዳ ይህ ሁሉ በአንድ ረዳት ዳኛ ትከሻ ላይ ያርፋል። እርሱ ኳሷ ከእግር የምትለይበትን ቅጽበትና 30 ሜትር ርቆ የሚሮጠውን አጥቂ በአንድ ጊዜ ማየት ይጠበቅበታል፤ ድጋሚ ምስል የለውም። 12 ካሜራ ያለውን ሜዳ በቴሌቪዥን እየተመለከትን የለመድነውን ትክክለኝነት ከእርሱ ዓይን መጠበቅ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ሊጠየቅ የሚገባው መልካም ቦታ ይዞ ነበር ወይ፣ ሕጉንስ ያውቃል ወይ ተብሎ ነው። በድጋሚ ምስል የሚረዱት የለንደን ዳኞችም በአንድ ያልተብራራ ቃል ግብ አጥፍተዋልና።