ማገዶና ንጹሕ ኃይል በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር

በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ ማለትም በእስቴ፣ በስማዳ፣ በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት፣ የገጠሩ ቤተሰብ የሚያበስልበት ኃይል ዛሬም በአብዛኛው ከእንጨት፣ ከኩበትና ከሰብል ተረፈ ምርት የሚገኝ ሲሆን፣ በእነዚህ ምትክ እየገቡ ያሉት የተሻሻሉ ምድጃዎች፣ ባዮጋዝና የኤሌክትሪክ ምጣድ ያዳረሱት ጥቂቱን ቤት ነው። አካባቢው ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ጀምሮ እየወረደ በደቡብ ወደ ዓባይ፣ በምሥራቅ ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚያዘቀዝቅ ነው። የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ፣ የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ፣ የታች ጋይንቷ አርብ ገበያና የስማዳዋ ወገዳ ዋና ዋናዎቹ ከተሞች ሲሆኑ፣ በእነዚህም ቢሆን መብራት የገባለት ብዙ ቤት እንጀራውን የሚጋግረው በእሳት ነው።

የጉዳዩ እምብርት እንጀራ ነው። ምጣዱ ሰፊና ከሸክላ የተሠራ በመሆኑ ከዳር እስከ ዳር እኩል መጋል ይኖርበታል፤ ሊጡ ሲፈስበት ዓይን እንዲያወጣም የምጣዱ ገጽ ሙቀት ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። በሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደ ምጣድ ስር የሚነደው እሳት በየአቅጣጫው ስለሚወጣ ከሙቀቱ አብዛኛው ለምጣዱ ሳይሆን ለማድ ቤቱ ጣሪያና ለጋጋሪዋ ፊት ይደርሳል። በኢትዮጵያ ገጠር ለቤት ውስጥ ከሚውለው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለእንጀራ መጋገሪያ እንደሚጠፋ በተለምዶ ይገመታል፤ ስለዚህ ምጣዱን ያልነካ የንጹሕ ኃይል ዕቅድ፣ አምፖሉን ቢያበራም፣ የማገዶውን ጥያቄ ሳይነካ ያልፋል።

ደኑ በተመናመነበት ደጋ የእንጨትን ቦታ የያዘው ኩበት ነው። ሴቶችና ልጃገረዶች ጠዋት ከበረት የሚዛቀውን እበት ከጭድ ጋር ለውሰው በእጅ ይጠፈጥፉታል፤ መሬት ላይ አስጥተው ወይም ግድግዳ ላይ ለጥፈው በበጋው ፀሐይ ያደርቁታል፤ የደረቀውንም ከደጅ ከምረው፣ ክረምቱ እንዳያበሰብሰው የክምሩን ውጭ በእርጥብ እበት ይመርጉታል። ክምሩ የቤተሰቡ የክረምት ስንቅ ነው፤ ተርፎ ለገበያ የወጣው ደግሞ ለከተማው ጋጋሪ ማገዶ፣ ለሻጯም የጨውና የዘይት መግዣ ይሆናል። የሚታየው ጥቅም ይህ ሲሆን፣ የማይታየው ወጪ ያለው እርሻው ላይ ነው። እበት ሲቃጠል በውስጡ ያለው ናይትሮጅን የተባለው የአፈር ምግብ ከጭሱ ጋር ይበናል፤ ፎስፈረስና ፖታሲየም በአመዱ ውስጥ ቢቀሩም፣ አመዱ የሚደፋው ከጓሮ ስለሆነ ከቤት የራቀው ማሳ ከዓመት ዓመት ሳይመለስለት ይሰጣል። ገብስና ድንች የሚበቅልበት የጋይንት ተዳፋት መሬት በአንድ በኩል በጎርፍ፣ በሌላ በኩል በምድጃው ይሸረሸራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጭሱም የራሱ ጉዳት አለው፤ መስኮት በሌለው ማድ ቤት ለሰዓታት የምትቆየው እናትና በጀርባዋ ያለው ሕፃን ለዓይንና ለመተንፈሻ አካል ሕመም ይጋለጣሉ።

ለዚህ ችግር ገበሬው ራሱ የሰጠው ትልቁ መልስ ባሕር ዛፍ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ለአዲስ አበባ ማገዶ ተብሎ የገባው ይህ ዛፍ ዛሬ በእስቴና በአካባቢው በየማሳው ዳርና በየቤቱ ጓሮ ይታያል፤ ግንዱ ለአጣናና ለምሰሶ ይሸጣል፣ ቅርንጫፉና ቅጠሉ ለቤት ማገዶ ይቀራል። በተለይ ቅጠሉ ቶሎ ተቀጣጥሎ ሰፊ ነበልባል ስለሚሰጥ ለምጣድ ይመረጣል። ውኃ ይመጥጣል፣ አጠገቡ ያለውን ሰብል ያቀጭጫል የሚለው ክስ ከምንጭ ዳርና ከእርሻ ድንበር ላይ ለተተከለው ትክክል ነው፤ ሆኖም ባሕር ዛፍን የሚኮንኑ ሰዎች፣ እሱ ባይኖር ኖሮ ምሳሩ የሚያርፈው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በቀረው ወይራና ጥድ ላይ እንደነበር አያነሡም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በሚካሄደው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻም ቢሆን ከችግኙ መካከል ምን ያህሉ ለማገዶ እንደታሰበ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው መንገድ እሳቱን መቆጠብ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ አካባቢ በአገር ውስጥ የተሠራው ‹ምርጥ ምድጃ› ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ቀይ አሸዋን ከመሰለ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድቃቂ በብረት ቅርጽ ማውጫ የሚጣል ሲሆን፣ አራት ቁራጮቹ ሲገጣጠሙ ምጣዱን ዙሪያውን ይዘጉታል፤ ማገዶው በአንድ በር ብቻ ይገባል፣ የሚወጣው ትኩስ ጭስም ከኋላ በኩል በተሠራው መቀመጫ ላይ የተጣደውን ድስት ያሞቃል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ማገዶ ይቆጥባል። ቴክኖሎጂው በመንግሥትና በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ በየገጠሩ ተስፋፍቷል፤ ለድስት ‹ትክክል›፣ ለከሰል ‹ላቀች› የተባሉ ምድጃዎችም አሉ። የምርጥ ምድጃ ብልሃቱ ቀላልነቱ ነው፤ የሠለጠኑ ወጣቶች በወረዳ ከተማ ሊያመርቱት ይችላሉ፣ ባለቤቲቱም የለመደችውን ምጣድ አትቀይርም። ድክመቱ ክብደቱ ነው፤ መኪና በማይደርስበት የስማዳ ቀበሌ በአህያ ሲጓጓዝ ቁራጩ ሊሰበር ይችላል፣ የጭስ ማውጫ ካልተበጀለትም ጭሱን ይቀንሳል እንጂ አያስቀረውም።

ባዮጋዝ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለደጋው የሚስማማ ይመስላል፣ ምክንያቱም ማገዶንና ማዳበሪያን አያጣላም። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር አማራ ክልል ከመጀመሪያዎቹ አራት ክልሎች አንዱ ነበር። እበትና ውኃ እኩል ለእኩል ተበጥብጦ ከመሬት በታች በድንጋይና በሲሚንቶ ወደተገነባ ጉልላታማ ጉድጓድ ይገባል፤ በዚያ አየር በሌለበት ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ሚቴን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ይወጣል፣ በቱቦም ወደ ማድ ቤት ይሄዳል። የተብላላው ዝቃጭ ናይትሮጅኑን እንደያዘ ወደ ማሳ ይመለሳል። ይሁን እንጂ በጋይንት ብርድ ላይ ሥራው ይዘገያል፤ ባክቴሪያዎቹ ሙቀት ይፈልጋሉ፣ ከ15 ዲግሪ በታች ደግሞ ጋዙ በጣም ያንሳል። ቢያንስ አራት ከብት፣ በቅርብ የሚገኝ ውኃና ከብቱን አስሮ መመገብም ያስፈልጋል፤ ከብቱ ቀኑን ሙሉ በግጦሽ ሲውል እበቱ በየሜዳው ይቀራል። ከሁሉም በላይ መደበኛው የጋዝ ማንደጃ ለቡናና ለወጥ እንጂ ለሰፊ ምጣድ አልተሠራም።

የኤሌክትሪኩ ታሪክ ከውኃው ጋር የተያያዘ ነው። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ ጣናን ይመግባሉ፤ ከጣና የሚወጣውን የዓባይ ውኃ የሚጠቀሙት ጢስ ዓባይ አንድ በ1956 ዓ.ም.፣ ጢስ ዓባይ ሁለት በ1993 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ፤ ከሐይቁ ውኃ በዋሻ የሚወስደው 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም.፣ 5150 ሜጋ ዋቱ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቁ። ውኃውን የሚሰጠው ደጋ ኃይሉን በማግኘት ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ የገባው የፀሐይ ብርሃን ሰሌዳ ኩራዝን ማስቀረቱና ስልክ መሙላቱ ቀላል ለውጥ አይደለም፤ ሆኖም የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3500 ዋት ይፈልጋል፣ ይህም 10 ዋት ከሚሰጥ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ 350 እጥፍ ነው። መስመር በገባባቸው ከተሞችም የምጣዱ መግዣ ዋጋና የመብራት መቆራረጥ ቤተሰቡን ከኤሌክትሪኩ ጎን ምርጥ ምድጃና የኩበት ክምር እንዲያቆይ ያስገድደዋል፤ ሊጥ ቦክቶ መብራት ቢጠፋ የሚጠብቅ ሊጥ የለምና።

ማድ ቤቱና ግድቡ በሌላ በኩልም ይገናኛሉ። እበት ያልተመለሰለት አፈር ብስባሹ እያነሰ፣ ዝናብን የመያዝ አቅሙ እየደከመ ይሄዳል፤ ይህ አፈር ከእስቴና ከስማዳ ገደል በክረምት ጎርፍ ተጠርጎ በገባሮቹ በኩል ዓባይ ሲገባ በግድቡ ሐይቅ ውስጥ ደለል ሆኖ ይተኛል። በጋይንትና በስማዳ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ፕሮግራም ሕዝቡ በየዓመቱ የሠራው እርከን፣ ከንክኪ የተከለለው ተራራና የተተከለው ሣር የሚታገለው ይህንኑ አፈር ለማስቀረት ነው። የእርከን ሥራው በግብርና፣ ምድጃው በኃይል፣ ጭሱ በጤና መሥሪያ ቤት ስር ተከፋፍሎ መያዙ ግን የአንዱን ውጤት ሌላው እንዳይቆጥረው አድርጓል፤ አንድ ምርጥ ምድጃ ለማሳ ያተረፈው እበት በማንኛቸውም ሪፖርት ውስጥ ቦታ ማግኘት ይቸግረዋል።