ላም ሸጦ ወለድ

አልባኒያ ከኮሙኒዝም ከወጣች ገና ጥቂት ዓመቷ ነበር። ባንኮቿ ደካማ ናቸው፤ ሕዝቡም ገበያን ገና እየለመደ ነው። በዚህ መሃል «ገንዘባችሁን ስጡን፣ በወራት ውስጥ እጥፍ አድርገን እንመልሳለን» የሚሉ ድርጅቶች ፈሉ። በ1996 እ.ኤ.አ. ከተሜው ቤቱን፣ ገበሬው ከብቱን እየሸጠ ገባበት። ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ማለት ነው! የድርጅቶቹ ዕዳ የአገሪቱን ዓመታዊ ምርት ግማሽ ተጠጋ።

ትርፍ የሚባል ነገር ግን አልነበረም። ለቀደመው የሚከፈለው የኋለኛው ሰው ገንዘብ ነው። አዲስ ገቢው አልበቃ ሲል በ1997 መጀመሪያ ሁሉም ተናደ። ሕዝቡ አመፀ፣ የጦር መሣሪያ መጋዘኖች ተዘረፉ፣ 2,000 ገደማ ሰው ሞተ፣ መንግሥትም ወደቀ።

ዛሬም እንዲህ የሚላችሁ ሲመጣ «ትርፉ ከየት ነው የሚመጣው?» በሉት። መልሱ «ሌላ ሰው አምጡ» ከሆነ፣ በቃ፣ ላሟን አትሽጧት።