የፈላ ሞተር ምርመራ፦ ከልደታ ሜዳ እስከ ዛሬው ጋራዥ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላባት በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የመኪና ሞተር በደኅናው ቀን ወደ 90 ዲግሪ ይሞቃል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ውሃው ለመፍላት የሚቀረው ጥቂት ነው።

በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ለዐፄ ምኒልክ መኪና ይዞ ሲገባ የራዲያተር ክዳን ግፊት አይዝም ነበር፤ የሙቀት ምልክቱም የሚተን እንፋሎት ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ የጭነት መኪና በዛ፤ ከ3000 ሜትር በላይ ያለው የጣርማ በር ዳገትም የራዲያተር መፈተኛ ሆነ። ኮፈን፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ የሚሉት የጋራዥ ቃላት የጣሊያንኛ ውርስ ናቸው። በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ደግሞ ሙያውን በክፍል ውስጥ ማስተማር ጀመረ።

ሁሉም ሞተር ግን በውሃ አይቀዘቅዝም። ልደታ ቀድሞ የአዲስ አበባ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበረች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በዳግላስ ሲ 47 አውሮፕላን የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚያ ዘመን ነው። የዳግላስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በነፋስ እንጂ በውሃ አይደለም። በከተማው ጎዳና የታወቀው የድሮው የቮልስ መኪና ሞተርም እንዲሁ ነው፤ ቀበቶው ሲበጠስ ማራገቢያውና ዲናሞው አብረው ስለሚቆሙ ችግሩን ቀድሞ የሚናገረው የቻርጅ መብራቱ ነው።

በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ሲመረመር አስቀድሞ ክዳኑ፣ የውሃው መጠን፣ ቱቦዎቹና ቀበቶው ይታያሉ። ሞተሩ ሞቆ የላይኛው ቱቦ ከቀዘቀዘ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ቴርሞስታት ተዘግቷል ማለት ነው። መኪናው በመንገድ መጨናነቅ ሞቆ ሲሄድ ከበረደ ጥርጣሬው ወደ ማራገቢያው፣ ዳገት ላይ ከሞቀ ወደ ራዲያተሩ መደፈን ያመራል። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሲፈላ፣ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ሲበዛ፣ ዘይቱም ማኪያቶ ሲመስል የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት ተቃጥሏል። እንዲህ ሆኖ ከተነዳ ቴስታታው ይጣመማል፤ ሞተሩም ነክሶ ሊቆም ይችላል።

ዛሬ የኮምፒውተር መመርመሪያ የሙቀቱን ልክ በቁጥር ያሳያል፤ ክዳኑ ግን መላላቱን አይናገርም። ጤነኛ ክዳን በአዲስ አበባ ከፍታ የውሃውን መፍያ ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል። በትኩሱ ከተከፈተ ግፊቱ በአንዴ ስለሚወርድ ውሃው ፈልቶ ይረጫል፤ ፊትና እጅ ያቃጥላል። ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው ሞተሩ ከበረደ በኋላ፣ ከክዳኑ ነው።