የሌጎ ጡቦችን መለየትና ማስቀመጥ

የሌጎ ጡቦችን መለየትና ማስቀመጥ ማለት ከተለያዩ የመገጣጠሚያ አሻንጉሊቶች የተጠራቀሙ ትናንሽ ቁራጮችን በቅርጽ፣ በቀለም ወይም በአገልግሎት ከፋፍሎ፣ ሲፈለጉ ቶሎ እንዲገኙና ሳይበላሹ እንዲቆዩ አድርጎ የማኖር ሥራ ነው። ጥቂት መቶ ቁራጭ ላለው ልጅ አንድ ባልዲ ይበቃዋል። ክምችቱ ወደ ሺዎች ሲደርስ ግን ከመገጣጠሙ ይልቅ ፍለጋው ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙ ክምችትም ሳይነካ ተከድኖ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ሥራው የልጆች ጨዋታ ቢመስልም የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችና የኮምፒውተር ተማሪዎች የሚያውቁትን ጥያቄ ያነሣል፤ ዕቃ በምን ይመደባል? ምን ያህልስ ተከፋፍሎ ይበቃል?

የጡቡ ጠባይ

ሌጎን የሚሠራው ኩባንያ በ1932 እ.ኤ.አ. ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን በተባለ አናጢ በዴንማርክ ቢሉንድ ከተማ ተቋቋመ። ስሙ «ሌግ ጎት» ከሚሉ ሁለት የዴንማርክኛ ቃላት የመጣ ሲሆን «በደንብ ተጫወት» ማለት ነው። ከላይ ጉብታ፣ ከውስጥ ቱቦ ያለው የዛሬው ጡብ የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ የገባው ጥር 28 ቀን 1958 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዘመን የተሠራ ጡብ ዛሬ ከተሠራው ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ክምችትን በዕድሜ መለየት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም።

ልኮቹ እጅግ የተጠበቁ ናቸው። ከአንዱ ጉብታ መካከል እስከ ሚቀጥለው መካከል 8 ሚሊ ሜትር ነው። የጡቡ ቁመት ጉብታውን ሳይጨምር 9.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ጠፍጣፋ የሚባለው ስስ ቁራጭ 3.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ሦስት ጠፍጣፋ ተደራርቦ አንድ ጡብ ያህላል ማለት ነው። ቁራጮቹ በልክ ስለሚዛመዱ መልካቸውም ይቀራረባል። ባለ 2 በ3 ጉብታና ባለ 2 በ4 ጉብታ ጡብ ተደባልቀው ሲታዩ ዓይን በቶሎ አይለያቸውም፤ የመለየቱ ችግር የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ያልተለየ ክምር ለምን ያስቸግራል?

ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ቁሳቁሶች በአንድ ዕቃ ውስጥ ሲናወጡ ትልልቆቹ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ትንንሾቹ በክፍተቱ እየሾለኩ ወደ ታች ይወርዳሉ። በፊዚክስ ይህ «የብራዚል ለውዝ ውጤት» ይባላል። በሌጎ ባልዲም የሚሆነው ይኸው ነው። ባለ አንድ ጉብታ ጠፍጣፋ፣ የሰው ምስሎች እጅ የሚይዛቸው መሣሪያዎችና ትናንሽ መብራት መሰል ቁራጮች ሁሉ ከሥር ይከማቻሉ። ፈላጊው ባልዲውን ባናወጠው ቁጥር የሚፈልገው ነገር ይበልጥ ይርቀዋል። ጠባብና ጥልቅ ዕቃ ከሰፊና ጥልቀት ከሌለው ዕቃ የባሰ የሚሆነው በዚህ የተነሣ ነው።

በመሠረቱ ሁለት ጊዜዎችን ማመዛዘን ያስፈልጋል፤ ለመለየት የሚጠፋውንና ለመፈለግ የሚጠፋውን። ለምሳሌ 20,000 ቁራጭ ያለው ሰው አንዱን በ2 ሰኮንድ ወደ ቦታው ቢያስገባ ሥራው 11 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ይህ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን 1,000 ቁራጭ የሚፈጅ ሕንጻ ሲሠራ፣ ከተደባለቀ ክምር ውስጥ አንዱን ለማግኘት 30 ሰኮንድ ቢወስድ ለፍለጋ ብቻ ከ8 ሰዓት በላይ ይጠፋል፤ ከተለየ መሳቢያ በ5 ሰኮንድ ቢገኝ አንድ ሰዓት ከ23 ደቂቃ ይበቃል። በዚህ ስሌት ድካሙ በሁለተኛው ሕንጻ ይመለሳል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ለሚገጣጥም ሰው ግን ውጤቱ የተለየ ነው። ለእርሱ አምስት ወይም ስድስት ሰፋፊ ሳጥኖች ከመቶ መሳቢያ ይሻሉታል።

ቅርጽ ወይስ ቀለም?

ጀማሪ ሁሉ ማለት ይቻላል በቀለም መለየት ይጀምራል። ቀላል ነው፣ ያምራል፣ ትንሽ ልጅም ይችለዋል። ችግሩ የሚታየው በኋላ ነው፤ በጥቁሮች ሣጥን ውስጥ አንዲት ጥቁር ማጠፊያ መፈለግ ከተደባለቀው ባልዲ ብዙም አይሻልም። ሁሉም ጥቁር ስለሆነ ጥላውና ቅርጹ ይዋሐዳል፣ ዓይንም የሚይዘው ምልክት ያጣል።

ለዚህ በሥነ ልቡና ጥናት ማብራሪያ አለ። አን ትሪዝማንና ጋሪ ጄላድ በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጡት የትኩረት ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ በአንድ ግልጽ ባሕርይ፣ ለምሳሌ በቀለም፣ ከአካባቢው የሚለይ ነገር በዙሪያው ያለው ቢበዛም ወዲያው ለዓይን ይታያል። የሚፈለገው ነገር በተቀላቀሉ ባሕርያት ብቻ የሚለይ ሲሆን ግን ዓይን አንድ በአንድ መመርመር አለበት። ባለ 2 በ4 ጡቦች ብቻ ባሉበት መሳቢያ ውስጥ ቀዩ ራሱ ጎልቶ ይወጣል። ቀያዮች ብቻ ባሉበት መሳቢያ ውስጥ ግን ባለ 2 በ4ቱ ጎልቶ አይወጣም። ስለዚህ ትልቅ ክምችት ያላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ቅርጽን ያስቀድማሉ፤ ቀለምን የሚጨምሩት አንዱ ቅርጽ ብቻውን መሳቢያውን ሞልቶ ሲተርፍ ነው። ቀይና አረንጓዴን ለመለየት ለሚቸገር ሰውም ይህ መንገድ የተሻለ ነው።

በቅርጽም በቀለምም በአንድ ጊዜ ልለይ ማለት ደግሞ ቦታን ይጨርሳል። 300 ዓይነት ቅርጽና 20 ቀለም ያለው ክምችት በዚህ አሠራር እስከ 6,000 ማስቀመጫ ይጠይቃል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ሁለት ሦስት ቁራጭ ብቻ ይይዛሉ። በቀለም ማስቀመጥ የሚያዋጣው በጥቂት መደበኛ ቅርጾች ብቻ ትልቅ ሥዕል ወይም ሐውልት ለሚሠራ ሰው ነው።

ሦስተኛ መንገድም አለ። ኩባንያው ራሱ ትልልቅ ስብስቦቹን ሲያሽግ በቅርጽም በቀለምም አይለይም፤ በግንባታ ቅደም ተከተል ቁጥር በተጻፈባቸው ከረጢቶች ይከፋፍላቸዋል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም ካርታ ስብስብ 11,695 ቁራጭ ነበረው፤ እንዲህ ያለውን ክምር ሳይከፋፍሉ ጠረጴዛ ላይ መዘርገፍ ለገዢው መከራ ነው። አንድን ስብስብ እንዳለ አፍርሶ እንደገና መሥራት የሚፈልግ ሰው ይህንኑ ስልት ቢከተል፣ ማለትም የየስብስቡን ቁራጭ ከመመሪያ መጽሐፉ ጋር በአንድ ከረጢት ቢያኖር፣ ብዙ ድካም ይቀርለታል። አንድ ጊዜ ከሌላው ከተደባለቀ በኋላ መልሶ ማሟላት እጅግ አድካሚ ነው።

የአሠራር ቅደም ተከተል

በአንድ ዙር ሁሉን ወደ መጨረሻ ቦታው ለማስገባት መሞከር ሥራውን ያዘገየዋል፤ እጅ ወደ ብዙ አቅጣጫ ይመላለሳል፣ አእምሮም በየቁራጩ ይወስናል። የሚሻለው መጀመሪያ በደምሳሳው ወደ አሥር ያህል ክምር መከፋፈል፣ ከዚያ እያንዳንዱን ክምር ለብቻው እንደገና መክፈል ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ይህን ከ«ባልዲ ድርደራ» ያውቁታል። የመጀመሪያው ዙር ምድቦች አብዛኛውን ጊዜ ጡብ፣ ጠፍጣፋ፣ ጉብታ የሌለው ልሙጥ፣ ተዳፋት፣ መስኮትና በር፣ ጎማና ተሽከርካሪ ክፍል፣ ጥርስና ዘንግ ያላቸው የቴክኒክ ቁራጮች፣ የሰው ምስሎች፣ ዕፅዋት፣ እንዲሁም «ልዩ ልዩ» ናቸው። የመጨረሻው ምድብ አደገኛ ነው፤ ካልተጠበቀ በራሱ ሌላ ያልተለየ ባልዲ ይሆናል።

ከሁሉ በፊት የተጣበቁትን ማላቀቅ ያስፈልጋል። በጥርስ መንከስ ቁራጩን ያበላሻል፣ ጥርስንም ይጎዳል፤ ኩባንያው ለዚሁ የሚሠራው ማላቀቂያ መሣሪያ በብዙ ትልልቅ ስብስቦች ውስጥ ይገኛል። ክምሩ ብዙ ከሆነ ቀዳዳቸው በሚለያይ ወንፊቶች መንፋት ሥራውን ያቀላል፤ ትንንሾቹ ከሥር ሲወርዱ ትልልቆቹ ከላይ ይቀራሉ። መሬት ላይ ነጭ አንሶላ ማንጠፍም ይረዳል፤ ቁራጩ ጎልቶ ይታያል፣ ሥራው ሲቋረጥም አራቱን ጫፍ ሰብስቦ ማንሣት ይቻላል።

የሌላ ፋብሪካ ጡቦች የሚለዩት በዚሁ ጊዜ ነው። የባለቤትነት መብቱ ጊዜ ስላለፈ ተመሳሳይ ጡብ የሚሠሩ ኩባንያዎች ብዙ ናቸው። የሌጎ መደበኛ ጡብ በየጉብታው ላይ ስሙ ተቀርጾበታል። ሌሎቹ መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን አጨባበጣቸውና ቀለማቸው ስለሚለያይ ለብቻ ቢቀመጡ ይመረጣል።

ቁጥሮችና ስሞች

በብዙ ቁራጮች ውስጠኛ ክፍል ላይ ደቃቅ ቁጥር አለ። ይህ የቅርጹ ቁጥር ነው፤ ባለ 2 በ4 ጡብ 3001፣ ባለ 2 በ2 ደግሞ 3003፣ ባለ 1 በ2 ጠፍጣፋ 3023 ነው። ቀለሙንም የሚያመለክት ሌላ ቁጥር በትልልቅ መመሪያ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ይታተማል። በቀድሞው አሠራር ሁለቱ በቀጥታ ይያያዙ ነበር፤ 21 የቀይ መለያ ስለሆነ ቀዩ ባለ 2 በ4 ጡብ 300121 ይባላል። በአዳዲሶቹ ሰባት አኃዝ ያላቸው ቁጥሮች ግን ይህ ግንኙነት አይታይም። በመሳቢያው ላይ ከስም ይልቅ የቅርጹን ቁጥርና ትንሽ ሥዕል መለጠፍ ይሻላል፤ ስም ከሰው ሰው ይለያያል። በ2000 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና በ2019 እ.ኤ.አ. ሌጎ የገዛው ብሪክሊንክ የተባለ የኢንተርኔት ገበያም ቁራጮችን የሚመዘግበው በእነዚህ ላይ በተመሠረቱ ቁጥሮች ነው።

ማስቀመጫ

ለብዙ ዓይነት ትናንሽ ቁራጮች የብሎንና የምስማር ማስቀመጫ የሆኑት ባለ ብዙ መሳቢያ ሣጥኖች ይመቻሉ። የሚያሳዩ ቢሆኑ መልካም ነው። ለመደበኛ ጡቦች ክዳን ያላቸው ሰፋፊ ሣጥኖች፣ ጥቂት ለሆኑት ደግሞ ዚፕ ያላቸው የላስቲክ ከረጢቶች በቂ ናቸው። አንድ ዓይነት ቁራጭ ከመሳቢያው ሲተርፍ መሳቢያውን ከመቀየር ይልቅ ትርፉን በሌላ ሣጥን አኑሮ ተመሳሳይ መለያ መለጠፍ ይቀላል። ሁሉንም መሳቢያ በመጀመሪያው ቀን መሙላት ግን አይመከርም፤ ክምችት ባደገ ቁጥር ምድቦቹ ይከፈላሉ፣ ባዶ ቦታም ያስፈልጋል።

ከሦስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ባሉበት ቤት ሣጥኑ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ትናንሾቹ ቁራጮች ተውጠው ሊያንቁ ይችላሉ። ዱፕሎ የሚባለው የሕፃናቱ ጡብ በርዝመት፣ በወርድና በቁመት እጥፍ ስለሆነ ሁለቱን ለይቶ ማስቀመጥ ቀላል ነው።

እጥበትና ጉዳት

ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጡቦቹ የሚሠሩት ኤ.ቢ.ኤስ. ከተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ከሴሉሎስ አሲቴት ስለተሠሩ በጊዜ ብዛት ይጣመማሉ፤ ለብቻ ይቀመጡ። ኩባንያው የሚመክረው ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ባልበለጠ ውኃና በለስላሳ ሳሙና በእጅ ማጠብን ነው። የልብስና የሳሕን ማጠቢያ ማሽን፣ ምድጃና የጠጉር ማድረቂያ ቅርጻቸውን ሊያበላሹ ይችላሉ። ሞተርና ባትሪ ያለው ክፍል ውኃ አይነካውም፤ ተለጣፊ ሥዕል ያለበትም በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይወለወላል።

የፀሐይ ብርሃን ከውኃ የባሰ ጠላት ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር ነጩንና ግራጫውን ያቢጫል። አንዳንድ ሰብሳቢዎች በሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ያነጡታል፤ ነገር ግን ከመስኮት ማራቅ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። መብራት የሚያሳልፉ ቁራጮች ጭረታቸው ስለሚታይ ከሌላው ጋር እንዳይፋተጉ በከረጢት ይቀመጣሉ። የግራጫ ቀለምን በሚመለከት አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ገደማ ኩባንያው አሮጌውን ግራጫ ወደ ሰማያዊ በሚያደላ ግራጫ ተካው። ሁለቱ በመሳቢያ ውስጥ አንድ ይመስላሉ፣ በግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ሲገጠሙ ግን ልዩነቱ ያስታውቃል።

በማሽን መለየት

በ2017 እ.ኤ.አ. ሆላንዳዊው ዣክ ማቴይ ሁለት ቶን ያህል የተደባለቀ ሌጎ ገዝቶ የሚለይ ማሽን እንዴት እንደሠራ ጻፈ። ቁራጮቹ በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ እያለፉ ካሜራ ያነሣቸዋል፣ የነርቭ መረብ የተባለው የኮምፒውተር ዘዴ ይለያቸዋል፣ የታመቀ አየርም እፍ ብሎ ወደየሣጥናቸው ይጥላቸዋል። ያዋጣው ብልሃት ማሽኑ የገመተውን እያየ የተሳሳተውን ብቻ ማረሙ ነበር፤ እርማቱ ለሚቀጥለው ሥልጠና ይውላል። በ2019 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያዊው ዳንኤል ዌስት ከ10,000 በላይ የሌጎ ቁራጮች የተሠራ ሌላ ማሽን አሳየ። የእርሱ ማሽን የሠለጠነው በአብዛኛው በኮምፒውተር በተሳሉ የቁራጭ ምስሎች ነው። ሁለቱም ማሽኖች የየቁራጩን ማንነት ይለያሉ እንጂ የመሳቢያዎቹን ብዛትና ምድብ የሚወስነው ባለቤቱ ነው።