ሞላላው ሜዳና ጠመዝማዛው ጎዳና
ስለ አሜሪካን የአውቶሞቢል እሽቅድምድም ከተሰጠ የሬዲዮ ንግግር



በማንኛውም አገር ቢሆን፣ ሕዝብ በየዓመቱ የሚሰበሰብበት ቀንና ቦታ ሲቆይ ልማድ ይሆናል፤ ልማዱም ሲሰነብት እንደ ርስት ይቈጠራል። የአንድ ከተማ የገበያ ቀን ከቅዳሜ ወደ ማክሰኞ ቢዛወር ነጋዴውም፣ ባለ ሆቴሉም፣ ባላገሩም እንደሚያጉረመርም የታወቀ ነው። ዛሬ የምንናገረው በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ስቶክ ካር እየተባለ ስለሚጠራው የአውቶሞቢል እሽቅድምድም ነው። የዚህ እሽቅድምድም ወዳጆች ብዙ ዘመን የተከራከሩባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፣ የውድድሩን ቀንና ቦታ መለወጥ የሚገባው እንዴት ነው? ሁለተኛው፣ በሞላላው ሜዳ ፈንታ ጠመዝማዛ ጎዳና መተካቱ ተገቢ ነውን? የሚሉት ናቸው። ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት የጨዋታ ጉዳይ ይመስላል። ታሪኩን ሲመረምሩት ግን፣ በቢሮ ውስጥ የሚፈረም አንድ ወረቀት በሩቅ ከተማ የሚኖረውን ሰው እንዴት እንደሚነካው የሚያስተምር ሆኖ ይገኛል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አድማጮቻችን ይገንዘቡልን።

ክርክሩን ለመረዳት አስቀድሞ የሁለቱን ልዩነት ማወቅ ያስፈልጋል። ሞላላው ሜዳ ዙሪያው የተዘጋ፣ መታጠፊያውም ወደ ግራ ብቻ የሆነ መንገድ ነው። በትልልቆቹ ሜዳዎች መታጠፊያው ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ተደርጎ ስለሚሠራ አውቶሞቢሉ ፍጥነቱን ብዙ ሳይቀንስ ይዞራል፤ በፍሎሪዳ በዴይቶና ሜዳ ይህ ዝንባሌ 31 ዲግሪ ነው። ተመልካቹም ከመቀመጫው ሳይነሣ ቀዳሚውንና ተከታዩን ባንድ ጊዜ ያያል። ጠመዝማዛው ጎዳና ግን ወደ ግራም ወደ ቀኝም የሚታጠፍ፣ ብዙ ጊዜም ዳገትና ቍልቍለት ያለበት ነው። ነጂው በየመታጠፊያው ፍሬን ይይዛል፣ ማርሽ ይለውጣል፣ እንደ ገናም ያፈጥናል፤ ለዝናብ የተዘጋጀ ጎማ ተገጥሞለትም በእርጥብ መንገድ ላይ ይወዳደራል። ተመልካቹ ግን በፊቱ የሚያልፈውን እንጂ ከኮረብታው ማዶ የሚሆነውን አያይም። ስለዚህ ሞላላውን የሚወዱት ውድድሩን ሙሉ ለሙሉ ለማየት መቻላቸውን ሲያመሰግኑ፣ ጠመዝማዛውን የሚወዱት ደግሞ የነጂው ብልሃት የሚፈተነው በዚያ ነው ይላሉ።

ስቶክ ካር ማለት መጀመሪያ ለእሽቅድምድም ተብሎ ያልተሠራ፣ ከፋብሪካ ወጥቶ ለማንኛውም ሰው የሚሸጥ አውቶሞቢል ማለት ነበር። በ1947 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ዊልያም ፍራንስ የተባለው ሰው ነጂዎችንና የሜዳ ባለቤቶችን በዴይቶና ቢች ከተማ በአንድ ሆቴል ሰብስቦ ስለ ውድድሩ ሥርዐት አማከራቸው። በሚከተለው ዓመት በየካቲት ወር ናስካር የተባለው ድርጅት ተቋቋመ። ከፋብሪካ እንደ ወጡ የሚገኙ አውቶሞቢሎች ብቻ የገቡበት የመጀመሪያው ውድድር በሰኔ ወር 1949 በሰሜን ካሮላይና በሻርሎት ከተማ፣ በአፈር ሜዳ ላይ ተደረገ። በዚያ ቀን አንደኛ የወጣው ግሌን ደናዌይ ነበር፤ ነገር ግን የመኪናው የኋላ ባሌስትራ ከሕጉ ውጭ ተሻሽሎ ስለ ተገኘ ድሉ ተሰርዞ ለጂም ሮፐር ተሰጠ። መኪናው በሕግ የተከለከለ አረቄ ለማመላለስ የተዘጋጀ ነበር።

በዚያ ዘመን የውድድሩ ሜዳ አንድ ዐይነት አልነበረም። አብዛኛው አጭር የአፈር ሜዳ ነበር። በዴይቶና ግን እስከ 1958 ድረስ ውድድሩ የሚደረገው ግማሹ በባሕር ዳር አሸዋ፣ ግማሹ በተራ አውራ ጎዳና ላይ ነበር። በ1950 ሃሮልድ ብራዚንግተን የተባለ ሰው በደቡብ ካሮላይና በዳርሊንግተን ከተማ አስፋልት የለበሰ ታላቅ ሜዳ አሠራ። የመሬቱ ባለቤት የዓሣ ኵሬው እንዳይነካበት ስለ ፈለገ አንደኛው ጫፍ ጠበብ ተደርጎ ተሠራ፤ ከዚህም የተነሣ ሜዳው እስከ ዛሬ የእንቍላል ቅርጽ አለው። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር መጀመሪያ በሚውለው የሠራተኞች በዓል 500 ማይል፣ ማለት 805 ኪሎሜትር ያህል፣ የሚሸፍን ውድድር ተደረገ፤ ስሙም ሳዘርን 500 ተባለ። በ1959 ደግሞ ትልቁ የዴይቶና ሜዳ ተከፈተ። የመጀመሪያው የዴይቶና ውድድር ሲፈጸም ሁለት መኪናዎች እኩል የገቡ ስለ መሰሉ፣ ፎቶግራፍና ፊልም ከተመረመረ በኋላ ሊ ፔቲ አሸናፊ መሆኑ የታወቀው በሦስተኛው ቀን ነበር።

ጠመዝማዛው ጎዳናስ እንግዳ ነውን? አይደለም። በ1954 በኒው ጀርሲ በሊንደን አውሮፕላን ማረፊያ በተዘጋጀ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ውድድር ተደርጎ አል ኬለር የተባለው ነጂ በእንግሊዝ አገር በተሠራ ጃጓር አሸንፏል። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሪቨርሳይድ ጎዳናም ከ1963 እስከ 1988 ድረስ ከውድድሩ ፕሮግራም አልተለየም፤ ዳን ገርኒ አምስት ጊዜ ያሸነፈው በዚያ ነበር። እንግዲህ ከሁለቱ ወገን አንዱ ብቻ «የጥንቱ እኔ ነኝ» ለማለት አይችልም። በጥንትነት ብቻ የሚፈረድ ቢሆን፣ ድሉን የሚወስደው ሞላላው አስፋልትም ጠመዝማዛውም ሳይሆን አፈሩ በሆነ ነበር።

አፈሩ ግን የመጀመሪያው ተሰናባች ሆነ። በአሜሪካን አገር የሲጋራ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር ሕግ ወጥቶ ከ1971 መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ላይ ሲውል፣ ሬይኖልድስ የተባለው የትምባሆ ኩባንያ ገንዘቡን ወደ እሽቅድምድም አዞረ። በ1971 ከነበሩት 48 ውድድሮች ለ1972 የቀሩት 31 ብቻ ነበሩ፤ ርቀታቸው ከ250 ማይል በታች የሆነው ተቀነሱ። የመጨረሻው የአፈር ሜዳ ውድድር በመስከረም 1970 በራሌይ ከተማ ተደርጎ ሪቻርድ ፔቲ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ለከፍተኛው ውድድር አፈር የተመለሰው በ2021 በብሪስቶል ሜዳ ላይ ተነጥፎ ነው፤ እርሱም ከሦስት ዓመት አላለፈም።

ቀጥሎ የመጣው ኀዘን የሰሜን ዊልክስቦሮ ነው። ይህች የሰሜን ካሮላይና ትንሽ ከተማ ከ1949 ጀምሮ ውድድር ስታስተናግድ የኖረች ናት። ዙሪያው አንድ ኪሎሜትር ያህል የሆነው ሜዳዋ ያለበት አውራጃ፣ ከአረቄ አመላላሽነት ተነሥቶ ስመ ጥር ነጂ የሆነው የጁኒየር ጆንሰን አገር ነው። በ1995 ከሜዳው መሥራቾች አንዱ ከሞተ በኋላ ሁለት ባለጸጎች ሜዳውን እኩል ተካፍለው ገዙት። የፈለጉት ግን መሬቱን ሳይሆን ቀኑን ነበር፤ በዓመት ከነበሩት ሁለት ውድድሮች አንዱ ወደ ቴክሳስ፣ ሁለተኛው ወደ ኒው ሃምፕሺር ሄደ። በመስከረም 1996 ጄፍ ጎርደን በመጨረሻው ውድድር ካሸነፈ በኋላ በሩ ተዘጋ፤ በሜዳውም ላይ አረም በቀለ።

ከዚህም የባሰ ያስቈጣው የሳዘርን 500 መዛወር ነው። ከ1950 ጀምሮ በሠራተኞች በዓል ሲደረግ የኖረው የዳርሊንግተን ውድድር በ2004 ቀኑ ተወስዶ በሎስ አንጀለስ አጠገብ ላለው ለፎንታና ሜዳ ተሰጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ከ2001 ጀምሮ የቴሌቪዥኑ መብት ባንድነት የሚሸጥ ስለ ሆነ፣ ድርጅቱ ትልልቅ ከተሞችን ፈለገ። ሆኖም ቀኑ በፎንታና ከ2008 አልዘለቀም፤ በ2009 ወደ አትላንታ ሄደ፤ በ2015 ደግሞ ወደ ዳርሊንግተን ተመለሰ። ዐሥራ አንድ ዓመት ከባከነ በኋላ የተገኘው ውጤት መጀመሪያ የነበረው ነው።

አሁን ወደ ጠመዝማዛው ጎዳና ጉዳይ እንመለስ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በቴክሳስ፣ በላስ ቬጋስ፣ በካንሳስ፣ በቺካጎና በኬንታኪ አጠገብ ዙሪያቸው 2.4 ኪሎሜትር ያህል የሆነ፣ ባንድ ቅርጽ የወጣ ጡብ የሚመስሉ ሞላላ ሜዳዎች ተሠሩ። ወዳጆቹም መመሳሰላቸው አሰልቺ ነው፣ አጫጭር ሜዳዎችና ጠመዝማዛ ጎዳናዎች ይጨመሩልን እያሉ ጠየቁ። በዚያን ጊዜ በዓመት ከሚደረጉት 36 ውድድሮች በጠመዝማዛ ጎዳና የሚደረጉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም በካሊፎርኒያ የሶኖማ፣ በኒው ዮርክ ግዛት የዋትኪንስ ግሌን ናቸው። በ2018 የሻርሎት ሜዳ የመጸው ውድድሩን የሞላላውን ክፍልና በሜዳው ውስጥ የተሠራውን ጠመዝማዛ መንገድ በማጋጠም አዘጋጀ። በመጨረሻው መታጠፊያ ሁለቱ ቀዳሚዎች ተጋጭተው ሦስተኛው ራያን ብሌኒ ሲያሸንፍ የሕዝቡ ደስታ ትልቅ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ድርጅቱ የተጠየቀውን አትረፍርፎ ሰጠ። በ2021 ጠመዝማዛዎቹ ሰባት ደረሱ። የቺካጎና የኬንታኪ ሞላላ ሜዳዎች ከፕሮግራሙ ወጡ። ከሁሉ ይልቅ ያከራከረው ግን በ1909 የተሠራው የኢንዲያናፖሊስ ሜዳ ነው። ከ1994 ጀምሮ በታላቁ ሞላላ ላይ ይደረግ የነበረው የስቶክ ካር ውድድር ከ2021 እስከ 2023 ወደ ውስጠኛው ጠመዝማዛ መንገድ ተዛወረ። አንዳንዶቹ፣ በሞላላው ላይ መቅደም አስቸጋሪ ስለ ሆነ ለውጡ መልካም ነው አሉ። ሌሎቹ ግን፣ የሜዳው ክብር ያለው በሞላላው ላይ ነው፣ በዚያ ያልተገኘ ድል ስሙን እንጂ ክብሩን አይወርስም ሲሉ ተቃወሙ። በ2023 ደግሞ በቺካጎ ከተማ መካከል መንገድ ተዘግቶ ውድድር ተደረገ። በዝናብ ውስጥ በተደረገው በዚያ ውድድር የኒው ዚላንዱ ሼን ቫን ጊስበርገን በመጀመሪያ ቀኑ አሸነፈ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከ1963 ወዲህ አልታየም ነበር። ይህም፣ ጠመዝማዛው የራሱ የሆነ ጥበብ እንዳለው የሚሉትን ወገኖች ቃል ያጸና ሆነ።

ነገር ግን በ2022 አዲስ ዐይነት መኪና በሥራ ላይ ውሎ ነበርና ሚዛኑ ተለወጠ። በብዙ ወዳጆች አስተያየት፣ ይህ መኪና ቀድሞ አሰልቺ ይባሉ በነበሩት መካከለኛ ሞላላ ሜዳዎች ላይ ውድድሩን ሲያሳምር፣ በአጫጭሮቹና በጠመዝማዛዎቹ ላይ መቅደምን አስቸጋሪ አደረገ። ትናንት «ቀንሱልን» የተባለው ሞላላ ዛሬ «መልሱልን» ተባለ። የኢንዲያናፖሊስ ውድድር በ2024 ወደ ሞላላው ተመለሰ። የቺካጎ ከተማ መንገድ ከሦስት ዓመት በኋላ በ2025 አበቃ። ለ2026 በወጣው ፕሮግራምም የሻርሎት የመጸው ውድድር ወደ ሞላላው፣ ከፕሮግራም ወጥቶ የነበረው የቺካጎ አጠገብ ሜዳም ወደ ውድድሩ እንዲመለሱ ተወሰነ።

አድማጮቻችን፤ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? የወዳጆቹ ምኞት ተለዋዋጭ ነው ብሎ መንቀፍ ይቻል ይሆናል። ነገር ግን በመኪናው መለወጥ ምክንያት ፍርዱን የለወጠ ሰው አስተዋይ እንጂ ወላዋይ አይባልም። በጥሞና ለተመለከተው፣ ሕዝቡን አጥብቆ ያስቈጣው የመንገዱ ሞላላ ወይም ጠመዝማዛ መሆን አልነበረም። ሶኖማም ዋትኪንስ ግሌንም ጠመዝማዛዎች ሳሉ በብዙ ዓመታት ልማድ ተወዳጆች ሆነዋል። ዳርሊንግተንንና ሰሜን ዊልክስቦሮን ያሳዘናቸው፣ ሳይጠየቁ ቀናቸው መወሰዱ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚህ ይከብዳል። ፕሮግራም የጻፈ እጅ ፕሮግራም ሊመልስ ይችላል፤ የሚመለሰው ግን ሜዳው ቆሞ የተገኘ እንደ ሆነ ነው። ሰሜን ዊልክስቦሮ ተዘግቶ እንጂ ፈርሶ ስላልቆየ፣ የግዛቱ መንግሥት ገንዘብ መድቦለት በግንቦት 2023 የታዋቂዎቹ ነጂዎች ውድድር በዚያ ተደረገ። ሃያ ሰባት ዓመት የጠበቀ ሕዝብ መቀመጫውን ሞላው። ዳን ገርኒ የነገሠበት ሪቨርሳይድ ግን ቤትና የገበያ አዳራሽ ሆኗል። የዳርሊንግተንን ቀን ወስዶ የነበረው ፎንታናም በ2023 የመጨረሻውን ውድድር ካደረገ በኋላ ብዙው መሬቱ ተሽጦ የተመልካቹ መቀመጫ ፈረሰ፤ ዛሬ ይመለስ የሚል ቢኖር የሚመለስበት የለም።

ስለዚህ የሕዝብን ቀንና ቦታ ለመወሰን ሥልጣን የተሰጠው ሁሉ፣ በስፖርት ድርጅትም ሆነ በሌላ መሥሪያ ቤት፣ መለወጥ ሲያስፈልግ መለወጡ የተገባ ነው። ነገር ግን ምክንያቱን አስቀድሞ ቢገልጽ፣ አዲሱንም በጥቂት ዓመት ፈትኖ ቢያይ፣ ከሁሉም ይልቅ አዲሱ ሳይጸና አሮጌውን ባያፈርስ መልካም ነው። በፊርማ የተነሣ ቀን በፊርማ ይመለሳል፤ የፈረሰ ሜዳ ግን በደብዳቤ አይመለስም።